ምሩቅ ማለት የተባረከ ማለት ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአገራችን ቋንቋ ትምህርቱን ፈጽሞ ማዕርግ የተቀበለውን ሰው «ምሩቅ» ብለን እንጠራዋለን። በእንግሊዝኛ ቋንቋ የዚሁ ሰው መጠሪያ ከደረጃ ወደ ደረጃ መውጣትን የሚያመለክት ነው፤ በእኛ ግን ስሙ የተወሰደው ከምርቃት ነው፤ ምርቃትም ቡራኬ ነው። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ የሚመርቀው ልጅ፥ የኔታ መጽሐፉን አስፈጽመው የሚያሰናብቱት ደቀ መዝሙር፥ ዩኒቨርሲቲው ካባ አልብሶ የሚሸኘው ወጣት፥ ሦስቱም በአንድ ስም ምሩቃን ይባላሉ። እንግዲህ ምሩቅ ማለት የተባረከ ማለት ከሆነ፥ ቡራኬ ለሰው የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

እግዚአብሔር አባታችን አብርሃምን ከካራን በጠራው ጊዜ እንደሚባርከው ተስፋ ሰጠው። ነገር ግን ተስፋው በዚህ አላበቃም፤ አብርሃም ራሱ ለሌሎች በረከት እንዲሆን፥ የምድር ወገኖችም ሁሉ በእርሱ እንዲባረኩ ጨምሮ ነገረው (ዘፍ. 12፥1-3)። ከዚህ እንደምንረዳው በረከት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ የሚተላለፍ ነገር ነው እንጂ በአንድ ሰው ሣጥን የሚቈለፍ አይደለም። የተመረቀ ሰው ምርቃቱን ለራሱ ብቻ ካስቀረው፥ ስሙ ምሩቅ ቢባልም ምርቃቱን አልፈጸመውም።

ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ዩኒቨርሲቲዎች አስተምረው ያሰናበቷቸውን የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን እንደ ገና እየሰበሰቡ፥ ልዩ ልዩ ማኅበራትም ምሩቃንን እየመረጡ፥ የአመራር ሥልጠና መስጠት ልማድ ሆኗል። በዚህ ሥልጠና ወጣቶች በሰው ፊት መናገርን፥ ዕቅድ ማውጣትን፥ ሰውን ማስተባበርን፥ ጊዜን በአግባቡ መጠቀምን ይማራሉ፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ሥራው መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አትነቅፈውም። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የምትሠለጥኑት ማንን ለመምራት፥ ወዴትስ ለመምራት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ሥልጠና በቅሎውን ጭኖ መንገዱን እንደማያውቅ ነጋዴ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ዓይናችንን ወደ አንድ ስፍራ እንመልስ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ ቂሊንጦ የሚባል ቦታ አለ። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚህ ነው። ከዚያም ቤትንና ድልድይን የሚሠሩ፥ መብራትንና ማሽንን የሚያውቁ፥ ንጥረ ነገርን የሚመረምሩ መሐንዲሶችና ሊቃውንት ይወጣሉ። ነገር ግን ቂሊንጦ የዩኒቨርሲቲ ስፍራ ብቻ አይደለም። በዚያው አካባቢ ወኅኒ ቤት አለ፤ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚህ ወኅኒ ቤት በተነሣ እሳት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ማለፉ በጊዜው ተነግሯል። መድኃኒት እንዲመረትበት የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረው ምድር ዛሬ ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ታላላቅ የመኖሪያ ሰፈሮች ተሠርተዋል፤ መሬቱ የነበረውም ገበሬ ኑሮው ተለውጧል። የአቃቂ ወንዝም ከከተማው የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ከታች ያለው አትክልተኛም በዚያው ውኃ ጎመኑንና ሰላጣውን ያጠጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ተማሪውና እስረኛው፥ መሐንዲሱና መሬቱን የለቀቀው ገበሬ፥ የንጥረ ነገር ሊቁና የቆሸሸው ወንዝ በአንድ ሰፈር ጎረቤታሞች ናቸው። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ቢመስልም፥ ለሚያስተውል ሰው የተከፈተ መጽሐፍ ነው። ጌታችን በመጨረሻይቱ ቀን ስለ ታረዙት፥ ስለ ታመሙትና ስለ ታሰሩት እንደሚጠይቀን አስተምሮናል (ማቴ. 25፥31-46)። በዚያች ቀን ከቂሊንጦ የተመረቀ ሰው «እስረኛ የት እንዳለ አላውቅም ነበር» ለማለት አይችልም፤ ዐራትና ዐምስት ዓመት በአጠገቡ አልፏልና።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰው መሪ የሚሆነው እንዴት ነው? ሊቀ ነቢያት ሙሴን እንመልከት። ሙሴ በፈርዖን ቤት አድጎ የግብፅን ጥበብ ሁሉ የተማረ፥ በቃልም በሥራም የበረታ ሰው ነበረ (ሐዋ. 7፥22)። በዘመኑ ከእርሱ የበለጠ የተማረ እስራኤላዊ አልነበረም ብንል አንሳሳትም። ሆኖም በአርባ ዓመቱ ወገኖቹን ሊረዳ በወጣ ጊዜ ሥራውን በቁጣና በመግደል ጀመረ፤ ወገኖቹም አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት በምድያም በረሃ በግ ሲጠብቅ ኖረ። የቤተ መንግሥቱ ትምህርት ዕውቀት ሰጠው፤ የበረሃው ትምህርት ግን ትዕግሥትን፥ የደከመውን በግ መጠበቅን፥ ድምፅ ሳያሰሙ መሥራትን አስተማረው። እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዲመራ የላከው ሁለቱንም ትምህርት ቤት ከፈጸመ በኋላ ነው። የዛሬው ምሩቅ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲ ፈጽሟል፤ ሁለተኛው ግን ከምረቃው ማግስት ይጀምራል፤ በጥቂት ቀን ሥልጠናም አይፈጸምም።

ሙሴ መሪ ከሆነ በኋላም መማርን አላቆመም። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየውና ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው፤ የሺህ፥ የመቶ፥ የዐምሳና የዐሥር አለቆችንም እንዲሾም መከረው (ዘፀ. 18፥13-26)። ዮቶር ከእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ሙሴ ግን ምክሩን አልናቀም። ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መልካም የሆነው የአስተዳደር ጥበብ ከሌላ ወገን ቢመጣም መቀበል ይገባል። ሁለተኛ፥ ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ሰው መሪ አይባልም፤ መሪ ማለት ሌሎች መሪዎችን የሚያወጣ ነው። ሦስተኛ፥ ለመሪነት የሚመረጡት ሰዎች መመዘኛ አላቸው፤ ዮቶርም ዐራት አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ ችሎታ ያላቸው፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ እውነተኞች፥ ጉቦን የሚጠሉ።

ከእነዚህ ከዐራቱ መመዘኛዎች ዩኒቨርሲቲ በፈተና ሊያረጋግጠው የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ችሎታ በወረቀት ይመዘናል፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ግን በወረቀት አይመዘንም። እውነተኛነት የሚታወቀው ሰው ሳያይ በተሠራው ሥራ ነው፤ ጉቦን መጥላትም የሚታወቀው ጉቦው በእጅ አጠገብ በቀረበ ቀን ነው። ስለዚህ ምሩቃንን ለመሪነት የሚያሠለጥን ጉባኤ የመጀመሪያውን መመዘኛ ብቻ አበርትቶ ሦስቱን ቢተዋቸው፥ የሚያወጣው የሠለጠነ አታላይ እንዳይሆን ያስፈራል። ያልተማረ ሌባ የሚሰርቀው ጎተራውን ነው፤ የተማረ ሌባ ግን ስሌቱንና ፊርማውን ስለሚያውቅ የልጅ ልጆችን እንጀራ ይሰርቃል።

ይህ ነገር ለመሐንዲስ ምን ማለት እንደ ሆነ ኦሪት በግልጥ ታሳየናለች። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ከዚያ ሰው ወድቆ ቢሞት ግን ደሙ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። እንግዲህ የብረቱ ቍጥር ጎድሎ፥ የሲሚንቶው መጠን ቀንሶ ሳለ «ተመርምሯል፤ ትክክል ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው፥ መከታ የሌለው ጣራ ሠራ ማለት ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ አይቶ ዝም የሚል የንጥረ ነገር ሊቅም እንዲሁ ነው፤ ጎመኑን በልቶ የሚታመመው ሕፃን ስሙን አያውቀውም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። ከዚህ በተቃራኒ፥ ሥራ አስኪያጁ ተቆጥቶ፥ ጓደኞቹ አፊዘውበት፥ ደመወዙም አስግቶት ሳለ «አልፈርምም» የሚል ወጣት፥ ምንም ሹመት ባይኖረው እርሱ መሪ ነው። በዚያች ሰዓት የማያውቃቸውን ብዙ ሰዎች ከሞት መንገድ መልሶ መርቷቸዋልና።

በእጅ ጥበብ ለሚሠሩትም ቅዱስ መጽሐፍ ታላቅ ክብር ሰጥቷል። የደብተራ ኦሪትን ሥራ ይሠራ ዘንድ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን፥ ጥበብንና ማስተዋልን ሞላበት፤ ደግሞም ሌሎችን ያስተምር ዘንድ በልቡ አሳደረበት (ዘፀ. 35፥30-35)። ጥበብና ማስተማር በአንድነት ተሰጡት። በቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ሥርዓት የቆየ ነው። በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ያስተምራል፤ ሌሊት ከመምህሩ የተቀበለውን ቀን ለሌላው ያካፍላል። በቅኔ ማሕሌትም መሪጌታው ዜማውን አንሥቶ ሲመራ ከመዘምራኑ መካከል ቆሞ ነው፤ እርሱ ይጀምራል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ድምፁ ብቻውን እንዲሰማ ቢፈልግ ማሕሌት መሆኑ ይቀራል። እንግዲህ የአመራር ትምህርት ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን በዜማና በቅኔ ቤት ሲኖሩበት የነበረ ነው።

ተማሪው የማን እንጀራ በልቶ እንደ ተማረም አንርሳ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ፥ የድኻይቱን ቍራሽ በልቶ ተማረ፤ ሊቅ በሆነ ጊዜም ያንን ሕዝብ ቀድሶ፥ አስተምሮ፥ ናዝዞ ውለታውን መለሰ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ቢሆን የሕዝብን እንጀራ የበላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ምሩቁን ከወጪው ከፊሉን ቢያስከፍለውም፥ ቀሪውን የሸፈነው ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም መካከል ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ያልቻለ ብዙ ገበሬና የቀን ሠራተኛ አለ። ስለዚህ ብዙ ከተሰጠው ሰው ብዙ እንደሚፈለግ ጌታችን የተናገረው (ሉቃ. 12፥48) ለምሩቃን እንደ ዕዳ ደብዳቤ ነው።

ከጥንት ታሪክ አንድ ምስክር እንጥራ። በዐራተኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ይማሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል ባስልዮስ ዘቂሣርያና ባልንጀራው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነበሩ። በ355 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኋላ ንጉሥ የሆነው ዩልያኖስ በዚያው ከተማ ሊማር መጥቶ ነበር። ዩልያኖስ በነገሠ ጊዜ ክርስቶስን ካደ፥ ምእመናንንም አስጨነቀ። ባስልዮስ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ በቂሣርያ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ እየሰበከ ድኾችን መገበ፤ ጳጳስ ከሆነም በኋላ ከከተማው ውጭ የሕሙማንና የእንግዶች ማረፊያ ሠራ። እነሆ፥ የተማሩበት ከተማ አንድ፥ ፍሬያቸው ግን የሰማይና የምድር ያኽል የተለያየ። ይህ የሚያስተምረን ትምህርት ቤት ሰውን እንደሚያስታጥቅ፥ የታጠቀው ሰው ግን ወዴት እንደሚዘምት የሚወስነው ልቡ መሆኑን ነው። ባስልዮስ ያንን ቤት የሠራው ከከተማው ዳር እንደ ነበረ ደግሞ የቂሊንጦ ምሩቃን ልብ ይበሉ፤ የከተማ ዳርቻ ለቅዱሳን የሥራ ስፍራ ነበረና።

በአገራችንም ምስክር አልጠፋም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ሥርዓት ጀመረ፤ ብዙዎቹም በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። አዲስ አበባን ብቻ የሚያውቀው ወጣት የአገሩን ሕዝብ ኑሮ በዓይኑ ያየው በዚያ ነው። ደግሞም በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተወሰዱ ጊዜ፥ ከመካከላቸው የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ልጆች በዚያ በረሃ በጸሎት ተሰበሰቡ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከዚህ ስብስብ የመጡ ወጣቶች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ ማኅበሩም ዛሬ በየከፍተኛ ትምህርት ተቋማቱ ባሉት ግቢ ጉባኤያት ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ምሩቃኑም በየሙያቸው ገዳማትንና የአብነት ትምህርት ቤቶችን ይረዳሉ። ሐኪሙ በሕክምናው፥ መሐንዲሱ በንድፉ፥ ሒሳብ ዐዋቂው በሒሳቡ ሲያገለግል፥ ምርቃት ወደ በረከት የሚለወጥበት መንገድ ይህ ነው።

ነገር ግን አንዳንድ ወጣቶች እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ «እኛ ተመርቀን ሥራ አላገኘንም፤ ዲግሪያችንን ይዘን በወላጆቻችን ቤት ተቀምጠናል፤ በዚህ ላይ ስለ መሪነት ብትነግሩን ማፌዝ አይሆንባችሁምን?» ይህ አቤቱታ ከባድ ነው፤ በቀላል ቃልም አይመለስም። ምሩቅ ሥራ አጥቶ መቀመጡ ለአገርም ለቤተ ክርስቲያንም ኀዘን ነው፤ ያላቸው ምሩቃን ከሌላቸው ጋር ካልተረዳዱ ማኅበራቸው ከንቱ ነው። ሆኖም ዮቶር የቆጠራቸውን አለቆች እናስታውስ፤ የሺህ አለቃ ብቻ አልተባለም፤ የዐሥርም አለቃ አለ። ሙሴ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላው ከበግ በቀር የሚመራው አልነበረውም፤ ዮሴፍም የግብፅን ምድር ከመምራቱ በፊት በወኅኒ ቤት እስረኞችን ያገለግል ነበር (ዘፍ. 39፥21-23)። በሰፈሩ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት የከበዳቸው ዐሥር ልጆች የሌሉበት ሥራ ፈት ምሩቅ ማን ነው? እነዚያን ዐሥር ልጆች የሚያስተምር ወጣት ደመወዝ ገና ባያገኝም ሹመት አግኝቷል። ደመወዙን ይሰጡት ዘንድ ግን እኛ ታላላቆቹ በሩን የመክፈት ግዴታ አለብን።

ሥልጣን ላገኙት ደግሞ የሮብዓም ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ለሕዝቡ አገልጋይ ቢሆን ሕዝቡ ዘመኑን ሁሉ እንደሚያገለግለው መከሩት፤ አብረውት ያደጉት ወጣቶች ግን ቀንበሩን እንዲያከብድ መከሩት። የወጣቶቹን ምክር ሰማ፤ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ (1ኛ ነገ. 12፥1-19)። የአብሮ አደግ ማኅበር እንዲህ ያለ አደጋ አለበት። አብረው የተማሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ከተማከሩ፥ አንዱ ሌላውን ብቻ ለሹመት ከጠራ፥ ወይም በዘርና በቋንቋ ከተከፋፈሉ፥ ማኅበራቸው አገርን የሚከፍል መጋዝ ይሆናል። ነህምያ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ገዥ ሲሆን ለገዥ የሚገባውን ቀለብ እንኳ አልወሰደም፤ በሕዝቡ ላይ የከበደውን ሸክም አይቶ ነውና (ነህ. 5፥14-18)።

በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል የሚባል ግድብ አለ፤ በአገራችን ከቀደሙት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ወንዙ ውኃውን ብቻ አያመጣም፤ ደለሉንም ያመጣል፤ ደለሉ ካልተጠረገ ግድቡ ቆሞ ሳለ ኃይሉ ይደክማል። ማመንጫውም እንደ ገና እስኪጠገን ድረስ ለብዙ ዘመን ሥራ አቁሞ ነበር። የተማረ ሰውም እንዲሁ ነው። ዕውቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ትዕቢት፥ የገንዘብ ፍቅርና ለድኻ አለመራራት ከሥር እንደ ደለል ይከማቻሉ። ይህን ደለል የሚጠርገው ንስሓ ነው። ስለዚህ ምሩቅ ሁሉ የሚመክረው የንስሓ አባት ያስፈልገዋል፤ ማንም የማይገሥጸው መሪ መውደቂያው ቅርብ ነውና።

እንግዲህ ምሩቃንን ለመሪነት የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በትምህርታችሁ ላይ ዐራት ነገር ትጨምሩ ዘንድ እንለምናችኋለን። በመጀመሪያ፥ ሠልጣኙ ከአዳራሹ ወጥቶ እስረኛውን፥ ሕመምተኛውንና መሬቱን የለቀቀውን ገበሬ ይጠይቅ፤ የሚመራውን ሕዝብ ሳያይ መምራት አይችልምና። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ምሩቅ ከእርሱ በኋላ ከሚመጡት ተማሪዎች ቢያንስ አንዱን ይዞ ያስተምር፥ ይምከር፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ያዘዘው የሰማውን ትምህርት ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ታማኞች አደራ እንዲሰጥ ነው (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። ሦስተኛ፥ በገንዘብና በፊርማ ነገር እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁበት፥ ያላግባብ አልፈርምም በማለቱ ከሥራው የተባረረውንም የሚደግፉበት ኅብረት ይኑራቸው። ዐራተኛ፥ ሥልጠናውን በጸሎት ጀምረው በጸሎት ይፈጽሙ።

የአመራር ሁሉ ፍጻሜ በጸሎተ ሐሙስ ታይቷል። ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው እያወቀ ከማዕድ ተነሣ፤ ልብሱን አኖረ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፤ የደቀ መዛሙርቱንም እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥3-15)። ልብ በሉ፤ ሥልጣኑን ባለማወቁ ዝቅ አላለም፤ ፈጽሞ ስላወቀው ዝቅ አለ። ምሩቁ በምረቃው ቀን ካባ ለብሷል፤ ካባው ግን የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሁሉ የሚለብሰው ልብስ ማበሻ ጨርቁ ነው።

ልጆቻችንን በጥበብ ያሳደገ አምላክ በማስተዋል ያጽናቸው፤ የተማሩትን ለወገን፥ የተሾሙትን ለፍትሕ፥ የተቸገሩትንም ለተስፋ ያድርግልን፤ በቂሊንጦም በአገራችንም ያሉትን ምሩቃን ሁሉ በእውነት የተባረኩ፥ ለሌላውም በረከት የሚሆኑ ያድርጋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።